ከባሕር ዳርቻ የተጻፈ ምክር

ስለ አንድ ቅዳሜ ላጫውታችሁ ነው። ቅዳሜዋ ካለፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እኔ ግን ዛሬም ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ የመኪናው ወለል፣ ጉልበቴ ላይ የነበረው ትራስና ከኋላዬ የሚመጣው የልጄ ድምፅ አንድ ላይ ይመጡብኛል። ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፤ ታገሡኝ።

ያኔ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ አንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ እንኖር ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ ታዬና የዘጠኝ ዓመቷ ልጃችን ሊዲያ። ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሰው ሁሉ ታጣፊ ስልክ ይዞ የሚዞርበት ዘመን። ታዬ በኤርፖርትና በሆቴሎች መሀል መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና ይነዳል። እኔ በሰፈራችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ረዳት አስተማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ከክፍሉ ጀርባ ባለችው ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልጠናላቸውን ልጆች ሰብስቤ ማስነበብ ነው።

በዚያ ሰሞን ያስቸገረን ትምህርት የጸሐፊው አመለካከት የሚባለው ነበር። ተረት ሲሆን ልጆቹ አይቸገሩም። ስለ ቀበሮ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ድልድይ አሠራር የተጻፈ እውነተኛ ነገር ሰጥታችሁ "የጸሐፊው አመለካከት ምንድን ነው?" ስትሏቸው ግን ዓይን ዓይናችሁን ያያሉ።

"ሚስ ሂሩት፣ እውነት እኮ ነው የጻፈው፤" አለችኝ አንዷ። "እውነት አመለካከት አለው እንዴ?"

የክፍሉ አስተማሪ ባሳየችኝ መሠረት "አደገኛ"፣ "ውብ"፣ "የሚያሳዝን" የሚሉ ቃላትን እየፈለጉ በቢጫ ቀለም እንዲያሰምሩ አደርጋለሁ። ወረቀቱ ቢጫ በቢጫ ይሆናል፤ ልጆቹ ውስጥ የሚበራ ነገር ግን አላይም። እኔም ብሆን ስማር መጽሐፍ የሚባል ነገር ሰው እንደጻፈው እንኳ ሳላስብ ነው ያደግኩት። መጽሐፍ ለእኔ እንደ ዝናብ ነው፤ ከላይ ይወርዳል፤ ማን እንዳወረደው አይጠየቅም።

እንዲህ እያለሁ ዓይኔ ታመመ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ወፍራም መነጽር ነው የማደርገው። አንድ ጠዋት ልጆቹን እያስነበብኩ በቀኝ ዓይኔ ጥግ ላይ ጥቁር መጋረጃ ሲወርድ አየሁ። አላሳከከኝም፣ አላቃጠለኝም። ዝም ብሎ ወረደ። እስከ ማታ ድረስ የልጆቹን ግማሽ ፊት ሸፈነው። ዴንቨር ሆስፒታል ወሰዱኝና በማግስቱ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። የዓይኔ የጀርባ ሽፋን ከቦታው ለቅቋል አሉኝ። ሐኪሙ መልሶ ካጣበቀው በኋላ እዚያው ተጭኖ እንዲይዝልኝ ዓይኔ ውስጥ ጋዝ ሞላ። ጋዝ ወደ ላይ ስለሚሄድ፣ ወደ ዓይኔ ጀርባ እንዲሄድልኝ ለሳምንት ያህል ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ መቆየት ነበረብኝ፤ ስበላም፣ ስተኛም፣ ስቀመጥም። እጄ ላይ ዓይኔ ውስጥ ጋዝ እንዳለ የሚያሳይ አረንጓዴ አምባር አሰሩልኝና የምክር ወረቀት ሰጥተው ሸኙኝ።

ወረቀቱን ታዬ አነበበልኝ። ፊትን መድፋት፣ ጠብታውን በሰዓቱ ማድረግ፣ ዓይንን አለማሸት፣ በአውሮፕላን አለመሄድ። "አውሮፕላን የት አለን?" አለ ታዬ እየሳቀ፣ ወረቀቱንም ጠብታው ያለበት ከረጢት ውስጥ ከተተው።

ስለ እነዚያ ቀናት ብዙ ልነግራችሁ አልችልም፤ ቀናት አይመስሉም ነበርና። ፊት ማስገቢያ ቀዳዳ ያለው ወንበር ተከራይተን ሳሎን ውስጥ አስቀመጥነው። እኔ እዚያ ላይ ተደፍቼ ምንጣፍ አያለሁ። የታመመው ዓይኔ በፋሻ ተሸፍኗል፤ ደህናው ያለ መነጽር ከክንድ ርቀት በላይ አያይም፤ መነጽሩን ደግሞ ፋሻው አላስቀምጥ ብሎታል። ፋሻው ለጠብታ ሲነሣ፣ ጋዙ እንደ ትልቅ ክብ የብርሃን ኩሬ መሀል ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ቤቱ ሁሉ ከውሃ በታች የተቀመጠ ይመስለኛል። ከማስታገሻው ጋር እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ምንጣፉ ላይ የነበረችው የፀሐይ ቁራጭ ተንቀሳቅሳለች። ጠዋት ሶፋው እግር ሥር ነበረች፤ አሁን እግሬ ጋ ደርሳለች። ውጭ በረዶ እየቀለጠ ከጣሪያው ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል። የሰው ፊት ናፈቀኝ። ታዬን በጫማው፣ ሊዲያን በካልሲዋ ነው የማውቃቸው።

ሊዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንበሩ ሥር ትቀመጥና ሆምወርኳን ታነብልኛለች። እነሱም ክፍል ውስጥ ያንኑ የጸሐፊ አመለካከት፣ በእንግሊዝኛው ፖይንት ኦፍ ቪው የሚሉትን፣ እየተማሩ ነው። አንድ ቀን ስለ ፕሬሪ ዶግ የተጻፈ ይዛ መጣች። ስማቸው ውሻ ይባል እንጂ ትንንሽ፣ ጉድጓድ እየቆፈሩ በመንደር የሚኖሩ አይጥ መሳይ እንስሳት ናቸው። ከአፓርታማችን ጀርባ ያለው ባዶ ሜዳ በእነሱ የተሞላ ነው።

"ማሚ፣ ይሄ ሰውዬ ፖይንት ኦፍ ቪው የለውም፤" አለችኝ። "ሁሉም ፋክት ነው።"

"እስቲ አንብቢልኝ።"

አነበበች። ሣሩን ይጨርሳሉ ይላል። ሜዳውን በጉድጓድ ይበሱታል፤ የላምና የፈረስ እግር ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፤ ገበሬዎች ብዙ ይጎዳሉ።

"ውሸት አለበት?"

"ኖ። እውነት ነው።"

ያን ጊዜ የመጣልኝን ነገር ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ምናልባት ብዙ ስለተደፋሁ ይሆናል።

"ሊዲ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ያለውን ነገር ንገሪኝ። እውነቱን ብቻ።"

"ሶፋ። ቲቪ። መስኮት። የዳዲ ጃኬት። አንቺ።"

"አሁን እኔ ልንገርሽ፤ እኔም እውነቱን ብቻ። ምንጣፍ አለ። ምንጣፉ ላይ የወደቀ ፈንዲሻ አለ። የሶፋ እግር አለ፤ አንዱ ተሰንጥቋል። የተቀደደ ካልሲ አለ፤ ከውስጡ አውራ ጣት ይታያል። በቃ፤ ሌላ ምንም የለም።"

"ቲቪውስ?"

"ቲቪ የለም።"

"አለ እኮ፣ ማሚ!"

"እኔ ካለሁበት የለም።"

ከዚያ ካልሲዋ ከዓይኔ ጠፋ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ መጣ። ወንበሩ ሥር ገብታ በጀርባዋ ተንጋላ ወደ ላይ ታየኛለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያየሁት የመጀመሪያው የሰው ፊት ነው። ቅርብ ስለነበረች ቅንድቧ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየኝ።

"አሁን ምን አለ?" አልኳት።

"አንቺ ብቻ ነሽ ያለሽው። አፍንጫሽ ደግሞ በጣም ትልቅ ነው።"

ሳቅን። ስስቅ እንባዬ ጉንጯ ላይ ጠብ አለባት፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

"እንግዲህ ያ ሰውዬ ሲጽፍ የት ነው የቆመው?"

"ላሞቹ ጋ።"

"እዚያ ቆሞ ምን ያያል?"

"የላሞቹን እግር።"

"ምን አይታየውም?"

"ጉድጓዱ ውስጥ ያሉት ቤቢዎች አይታዩትም።" ከዚያ በሹክሹክታ፣ ለራሷ እንደሚያወራ ሰው፣ "ባት ሂ ኢዝ ኖት ላይንግ፤ አልዋሸም" አለች።

በክብ ጠረጴዛዬ ዙሪያ ብዙ ወረቀት ቢጫ አድርጌ ያላገኘሁትን ነገር ወንበር ሥር አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊዲያ የሚነበብ ነገር ስታገኝ ዝም ብላ አታልፍም። የቁርስ ካርቶን፣ የሻምፑ ጠርሙስ፣ የቤት አከራዩ ማስታወቂያ ሁሉ ተመረመረ። "ማሚ፣ ይሄ ሻምፑ ላይ የጻፈው ሰው ፀጉሩ እንደኔ አይደለም" ብላ ስታስቀኝ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ ቅዳሜዋ ልግባ።

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ቤተሰቦችን ሰብስባ ተራራ ላይ ወዳለ ካምፕ ትወጣለች። አውራ ጎዳናውን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ትወጣላችሁ፤ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ትልቁን ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ፣ ጥድ መሀል ነው ያለው። ያን ዓመት የምቀር መስሎኝ አዝኜ ነበር። ዓርብ ዕለት ጋሽ ምትኩ ደወሉልኝ። ጋሽ ምትኩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ሲናገሩም ሲነዱም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

"ሂሩት፣ እዚያ ብትደፊ እዚህ ብትደፊ ምን ልዩነት አለው?" አሉኝ። "ወንበርሽን ጭኜ ቀስ ብዬ እወስድሻለሁ። ሰው ይጸልይልሻል፣ መዝሙር ትሰሚያለሽ። ግን ሐኪሙ ይፈቅድልሻል ወይ?"

"የከለከሉኝ አውሮፕላን ብቻ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው እግዚአብሔር ይመስገን፤ የኔ መኪና አትበርም።"

ታዬ ቅዳሜ ሥራ ስለነበረው እሑድ ሊከተለን ተስማማን። ጠዋት ጋሽ ምትኩ መጡ። የፊት ወንበር ላይ ጉልበቴ ላይ ትራስ አድርጌ ተደፋሁ። ሊዲያ ከኋላ ተቀመጠች። ጋሽ ምትኩ "ለመንገድ" ብለው ትልቅ የድንች ቺፕስ ከረጢት ሰጧት። እሷም ሆምወርኳን ይዛ ነበር፤ የሳምንቱ መጨረሻ ሥራ ከቤት ውስጥ አንድ እውነተኛ ጽሑፍ መርጦ ጸሐፊው የት እንደቆመ መጻፍ ነው። ቤት ያለውን ሁሉ ስለጨረሰችው የኔን የሆስፒታል ወረቀት ከጠብታው ከረጢት አውጥታ ያዘች።

ጉዞው ደስ የሚል ነበር። የምሰማው የጎማውን ጉምጉምታና ጋሽ ምትኩ የሚያንጎራጉሩትን መዝሙር ብቻ ነው። ብርሃን በትራሱ ዳር እየገባ እግሬ ላይ ያልፋል፤ ድልድይ ሥር ስንገባ ይጠፋል፤ ስንወጣ ይመለሳል። ዴንቨርን ስናልፍ የከተማው ጩኸት መጥቶ ሄደ። በሕልም ወንዝ ላይ የምንሳፈፍ መሰለኝ፤ እንቅልፍም ወሰድ አደረገኝ።

የነቃሁት ጆሮዬ ጠቅ ሲል ነው። ሞተሩ ከበድ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል። ዳገቱን ጀምረነዋል። የታመመው ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰማኝ። ገና ሕመም አልነበረም፤ አንድ ሰው ከውስጥ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ የሚገፋኝ ዓይነት ስሜት ነው። ብዙ ስለተደፋሁ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሰው ለእኔ ብሎ ይህን ሁሉ ደክሞ፣ ገና በመንገድ "አመመኝ" ልበል?

"ማሚ፣" አለች ሊዲያ ከኋላ። ድምፅዋ እንደ አስተማሪ ድምፅ የረጋ ነበር። "ሆምወርኬን ልንገርሽ?"

"ንገሪኝ የኔ እናት።"

"ይሄን ወረቀት የጻፈው ሰው ባሕር አጠገብ ነው የሚኖረው።"

ጋሽ ምትኩ ማንጎራጎራቸውን ተዉት። "እንዴት አወቅሽ?" አሏት።

"ዓይንህ ውስጥ አሸዋ እንዳይገባ ይላል። ባሕር ውስጥ አትዋኝ ይላል። ጀልባ ላይ አትውጣ ይላል። ስለ ስኖው ምንም አይልም። ስለ ተራራ ምንም አይልም። እታች ደግሞ የታተመበት አገር ፍሎሪዳ ነው።"

"ጎበዝ!" አሉ ጋሽ ምትኩ። "ታዲያ ምን ይሁን?"

"ታዲያ..." ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። "አውሮፕላን ላይ አትውጣ ይላል። ምክንያቱም ወደ ላይ ስትወጣ ጋዙ ያብጣል፣ ዓይንህን ይጎዳል ይላል። ማሚ፣ እሱ ያለበት ቦታ ፍላት ነው፤ ተራራ የለውም። እዚያ ቆሞ ወደ ላይ የሚኬድበት ነገር አውሮፕላን ብቻ ነው የሚታየው። እኛን አያየንም።"

መኪናው ዳገቱን መውጣቱን ቀጠለ።

"አሁን ወደ ላይ እየሄድን ነው?" አለች።

እኔ መልስ ፈለግኩ። የምንኖረው ከፍ ያለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከፍታ ቢጎዳኝ ኖሮ ቤቴም ይጎዳኝ ነበር፤ መኪና እኮ አውሮፕላን አይደለም፤ የታተመ ወረቀት ላይ ያልተከለከለ ነገር ምን ያደርገኛል? ይህን ሁሉ ልላት አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ያ አውራ ጣት እንደገና ገፋኝ፤ ይኸኛው ጠንከር ያለ ነው፤ እስከ ግንባሬ ድረስ ተሰማኝ። ሳላስበው አቃሰትኩ።

"ማሚ፣" አለች ሊዲያ፣ "ቺፕሱ አብጧል።"

"ምን?"

"አልከፈትኩትም። ቤት ስንነሣ ለስላሳ ነበር። አሁን እንደ ባሉን ሆኗል።" ከረጢቱን በጣቷ ስትመታው ተሰማኝ፤ ከበሮ እንደሚመታ ነው ድው ድው ያለው።

ድምፁን ስሰማ ዓይኔም እንደዚያ ከረጢት የተወጠረ ሆኖ ታየኝ።

የመኪናው አቅጣጫ ጠቋሚ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ጋሽ ምትኩ ከአውራ ጎዳናው ወጡ፤ ጥቂት ሄደው ጠጠር ላይ ፓርክ አደረጉና ሞተሩን አጠፉ። ስልካቸውን ከፍተው ወጡ፤ ኔትዎርክ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ጠጠሩ ላይ የሚረግጡት እግራቸው ይሰማኛል። ደወሉና፣ ሆስፒታሉ ሐኪሙን ፈልጎ መልሶ እስኪደውል ድረስ ጠበቅን።

ያ ጥበቃ ከሁሉም ረዘመብኝ። ዓይኔ ይመታል። ነፋስ የጥድ ሽታ ይዞ በተከፈተው በር ይገባል። ራሴን ቀና ማድረግ አልችልም፤ ሐኪሙ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ጌታዬን በልቤ እለምናለሁ።

"ሊዲ፣ ውጭ ምን አለ? እውነቱን ብቻ።"

"በረዶ አለ። አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲያ ትልልቅ ላሞች አሉ፤ ፀጉራም። ጀርባቸው ላይ በረዶ አለ። ከአፋቸው ጭስ ይወጣል። አይንቀሳቀሱም። አንዱ ያየኛል።"

"ላም አይደሉም፤ ጎሾች ናቸው።"

"ጎሾች፤" አለች ቃሉን እየቀመሰችው።

ስልኩ ጮኸ። ጋሽ ምትኩ በእንግሊዝኛ "አዎ... አዎ... ወደ ተራራው... ዋሻው ጋ ገና አልደረስንም..." ሲሉ፣ ከዚያም ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩ። ወደ መኪናው ሲመለሱ በሩጫ ነበር። ጋሽ ምትኩ ሲሮጡ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ተመለሱ አለ። አሁኑኑ፤ ሌላ ቦታ ሳትቆሙ ወደ እኔ ኑ አለ።" ሞተሩን አስነሡ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው፣ "ጎሽ!" አሏት። "ጎሽ የኔ ልጅ!"

"የት?" አለች ሊዲያ በመስኮቱ እየፈለገች።

በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ እኔና ጋሽ ምትኩ ሳቅን። እሷ ለምን እንደሳቅን እስክንነግራት ድረስ ቁልቁለቱ ተጀምሮ ነበር።

ስንወርድ ያ አውራ ጣት ጥቂት በጥቂት ላላ። ሊዲያ ከኋላ ሆና ከረጢቱን እየዳሰሰች "አሁን ትንሽ ለስልሷል... አሁን የበለጠ ለስልሷል..." እያለች ትነግረኛለች። ያን ስትል የምሰማው ልክ ሐኪም ሲናገር እንደምሰማው ነበር።

ሐኪሙ በር ላይ ጠበቀን። የዓይኔን ግፊት ለካ፤ ጠብታ አደረገ፤ ጠብቆ እንደገና ለካ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ። "ዋሻውን አልፋችሁ ቢሆን ኖሮ ወደ ዓይንሽ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችል ነበር" አለኝ። "ስለ ተራራ እዚህ ላለ ሰው ሁሉ በቃሌ እናገራለሁ። ለአንቺም ነግሬሽ ይሆናል፤ ግን ማደንዘዣው ገና ሳይለቅሽ ይመስለኛል።" ወረቀቱን ከሊዲያ ተቀበለ፤ ለረጅም ጊዜ አየው። "ይህን ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ ከየት እንደመጣ ግን አይቼ አላውቅም" አለ። ሊዲያ ለሆምወርኳ እንደምትፈልገው ነግራው መልሳ ወሰደችው።

ታዬ ከሥራው አቋርጦ ሲደርስ ጫማውን አይቼ አወቅሁት። ምንጣፍ በሌለው የሆስፒታል ወለል ላይ ተንበርክኮ ከታች ወደ ላይ አየኝ።

ዓይኔ ዳነ። ጋዙ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ መጣ። ቀና ብዬ መቀመጥ ሲፈቀድልኝ በዓይኔ ታች እንደ ሐይቅ ዳርቻ የሚወዛወዝ መስመር ሆነ፤ ከመስመሩ በላይ ቻምበርስ ሮድ፣ መኪናዎቹ፣ ሜዳው፣ ሩቅ ደግሞ ነጭ ተራራዎቹ ይታያሉ። በኋላ ሐይቁ ትንሽ ጠብታ አከለና አንድ ቀን ሳላውቀው ጠፋ።

ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ ቢጫ ቀለሙን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልጆቹን ከጠረጴዛው ሥር አስተኛኋቸው፣ ወንበር ላይ አቆምኳቸው፣ በር ኋላ ደበቅኳቸው፤ ሁሉም ያዩትን እውነት ብቻ ጽፈው መጡ። ከዚያ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ቀበሮው የተጻፈውን አነበብን። "ጸሐፊው የት ቆሞ ነው? ከዚያ ምን ያያል? ምን አይታየውም?" ቀድሞ "እውነት አመለካከት አለው እንዴ?" ያለችኝ ልጅ እጇን ለማውጣት የመጀመሪያዋ ሆነች። ሥራውን እንዲህ ከወደድኩት በኋላ ረዳት ሆኜ መቅረት አልሆነልኝም። ከጥቂት ዓመታት የማታ ትምህርት በኋላ የራሴን ክፍል ተረከብኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የተጻፈን ነገር ሲጠይቁ አትቆጧቸው። መጠየቅ ጸሐፊውን ውሸታም ማለት አይደለም። ያ የባሕር ዳር ሰው አልዋሸኝም፤ ክፉም አልተመኘልኝም። ከቆመበት ሆኖ ለሚያየው ሰው ከልቡ ነው የመከረው። እኔ ግን እሱ በሚያየው ቦታ አልነበርኩም።

በዚህ ልጨርስ ነበር። ወደ እናንተ ከመላኬ በፊት ግን ጽሑፉን ለሊዲያ አነበብኩላት። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ እኔ በአማርኛ እያነበብኩ እሷ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "አንድ ቦታ ልክ አይደለም" አለችኝ።

"የቱ?"

"ድምፄ እንደ አስተማሪ የረጋ ነበር ያልሽው። እያለቀስኩ እኮ ነበር፣ ማሚ። ወረቀቱ ላይ 'ዓይንህን ይጎዳል' የሚለውን ካነበብኩ ጀምሮ። አንቺ እንዳትሰሚ ድምፄን ይዤ ነው የነገርኩሽ። አንቺ ተደፍተሽ ነበር፤ ጋሽ ምትኩ ግን በመስተዋቱ አዩኝ። ከመንገዱ የወጡት ለዚያ ነው። ስለ ፍሎሪዳው ያልኩት የገባቸው አይመስለኝም። ልጅ ስታለቅስ ስላዩ ነው የቆሙት።"

ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ኖርኩ። ለተማሪዎቼ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ለራሷ ለሊዲያ ሳይቀር፤ ሁልጊዜም እሷ በዚያ የረጋ ድምፅዋ ታሸንፋለች።

ከላይ የጻፍኩትን አላረምኩትም። ከነበርኩበት ቦታ የሰማሁት እንደዚያ ነውና። ከመስተዋቱ በኩል የታየውን ግን እነሆ ጨመርኩላችሁ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የተወጠረ ከረጢት ታቅፋ፣ እናቷ እንዳትሰማት አፏን በእጅጌዋ እያፈነች ታለቅስ ነበር።